ሃያ ደቂቃ ፀሐይ

ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ነበርን፣
በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሸራ ታጥረን።
የሙምባይ ዝናብ ሲወርድ፣ ሁላችን ቆመን
አልጋው ላይ ነው የሚነጋልን።
ፀሐይ ግን ነበረች። ጠዋት ትመጣለች፤
ሳትጠራ፣ ሳታንኳኳ፣ በስንጥቁ ሁሉ ትገባለች።
እናቴ ራንጃና እግሯን ዘርግታ
ሩዝ ትለቅም ነበር፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

ከዚያ ሰዎች መጡ፣ ካርታ ይዘው፣ ሜትር ይዘው፤
በራችን ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ብሩሽ በቀይ ነክረው።
«ቤት እንሰጣችኋለን፤ ቧንቧ ያለው፣ ቁልፍ ያለው።»
አባቴ ባሊራም ጣፋጭ ገዝቶ ገባ፤
ቁልፉን አየና ዓይኑ ሞላ እንባ።

ሕንጻው ስምንት ፎቅ ነው። ማዶውም ስምንት ፎቅ።
ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ መካከሉ ሲታወቅ
ሦስት እርምጃ ነው፣ ያውም በልጅ እግር፤
እጄን ብዘረጋ የማዶውን ሽቦ እነካ ነበር።
እኛ አንደኛ ፎቅ ነን። ዕጣው እንዲያ ወጣ።
በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ ካፊያ ያህል መጥታ፣
የግድግዳውን ጫፍ ሃያ ደቂቃ ነክታ
ትሄዳለች። እኔ ፕራናሊ ቆጥሬያለሁ፤
ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ ሰዓት ማንበብ እችላለሁ።

ለአባቴ የተሰጠው ቁልፍ አንድ ነበረ፤
የእናቴ እጅ በአምፖል ሥር ሺህ ቁልፍ መስፋት ጀመረ፤
የሸሚዝ ቁልፍ፣ ለማናውቀው ሰው ደረት።
የራሷ ደረት ግን መከፈት፣ መዘጋት እምቢ አላት።

ሳለች። መጀመሪያ አፏን በሳሪዋ ጫፍ ሸፍና፣
ከዚያ ቧንቧ ከፍታ፣ ሳሉን በውኃ ድምፅ አፍና።
«ብርድ ነው፣» አለች።
«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤
የገለጠውስ? ባለ ሸሚዙ ከሰማ፣ ቅርጫቱን ይወስዳል።

ሐኪሙ ደግ ነው። ኪኒኑን በነጻ ሰጣት።
«ስድስት ወር፣ አንድ ቀን ሳታቋርጪ፣» አላት።
«እንቁላል፣ ወተት፣ ዕረፍት፣ ፀሐይ፣» ብሎ ከሥር ጻፈ።
መድኃኒት ቤቱ ኪኒኑን ቆጠረ፤ የቀረውን አለፈ።

አንድ እንቁላል ተገዛ። ቀቀለችውና
በስፌት ክሯ ለሦስት ከፈለችው፤
ሁለቱን እኔ በላሁ፤ ልጅ ነኝና።

አባቴ ባሕሩ ዳር፣ ለመስታወት ሕንጻ፣ ሲሚንቶ ይሸከማል፤
ፀሐይ ስትቀጠቅጠው ውላ፣ አንገቱ ተልጦ ይመጣል።
«እዚያስ ሞልቷል፣» ይላል እግሩን እያጠበ፣ «ምን ያደርጋል፤
ገና ሳያልቅ፣ ሰዎቹ መጥተው መጋረጃ ለክተዋል።»

ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ነው፣ ይላሉ፤
ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ፎቅ በየቤቱ ይስላሉ።
አገሩስ አውቋል።
ያልሞቀን እኛ ነን።

ስምንተኛው ላይ ኢንዱባይ የምትባል አሮጊት አለች፤
የመስኮቷን ብረት በሰዓት ሁለት ሩፒ ታከራያለች።
አልፈርድባትም፤ በዚያችው ሳንቲም የባሏን ኩላሊት ታሳጥባለች።
ሊፍቱ ከገባን ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም።
እናቴ ሞከረች፤ ሦስተኛውን ፎቅ አላለፈችም።
ስለዚህ በእሷ ፈንታ ብርድ ልብሷ ይወጣል፣
እሑድ እሑድ፣ በኔ ትከሻ፤
አንድ ሰዓት ፀሐይ ይሞቅላታል።

«ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ፣» ይሉኛል፤ እኔ ግን እሮጣለሁ፤
ሰባት ፎቅ ነው፤ ሳትበርድ፤ ፀሐይ ታቅፌአለሁ።
አራተኛው ላይ ቆምኩ። ሳል ያዘኝ።
«የደረጃው አቧራ ነው፣» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ገባሁ። አለበስኳት። «ይሞቃል?» አልኳት።
ዓይኗን ጨፈነች፤ ጣቶቿ ጨርቁን ዳበሱት።
«ይሞቃል፣» አለች፤ «እሳት ነው።»
እጄ ከሥሩ ነበር።
ቀዝቅዞ ነው የደረሰው።